ርዕሱ ሲጠብ ደብተሩ ሞላ
የውሎ ማስታወሻ መያዝ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ደብተሬ ግን ለረጅም ጊዜ «ሥራ ዋልኩ፣ ማታ መብራት ጠፋ፣ ተኛሁ» ከማለት አላለፈም። ባዶ ገጽ ፊት ተቀምጦ «ምን ተሰማኝ?» ማለት ለእኔ አይሆንም። መልሱ ሁሌም «ደህና» ነው። ሰላምታ ሳያልቅ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ለምደን፣ ለወረቀቱም ያንኑ እንመልስለታለን።

መላ የሆነኝ ርዕስ ያለው ዝርዝር ነው። የመጀመሪያውን የጻፍኩት እዚህ ሐዋሳ ከአቶቴ ሰፈር ወደ ፒያሳ ስሄድ ሲሆን ርዕሱ «ባጃጅ ውስጥ የሰማሁት» ነበር። ሹፌሩ ስለ ቤንዚን ሰልፍ ያማረረው፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት በሲዳሙ አፎ በስልክ ያወሩት (ወሬው አልገባኝም፣ ሳቃቸውን ግን ጻፍኩት)፣ የተማሪዎቹ የመልስ ገንዘብ ክርክር። በአንድ መስመር አንድ ነገር ብቻ። ስለ ስሜቴ ምንም አልጻፍኩም፤ ዛሬ ሳነበው ግን የዚያን ቀን ስሜቴ ሳይቀር ይመጣልኛል።

ቀስ በቀስ የገባኝ ነገር ርዕሱ በጠበበ ቁጥር ዝርዝሩ መርዘሙ ነው። «ደስ የሚሉኝ ነገሮች» ስል ቡና፣ ዝናብ፣ ቤተሰብ ብዬ አለቀብኝ። ይህንን ማንም ሰው የትኛውም ከተማ ሆኖ ይጽፈዋል። «አሞራ ገደል ጠዋት የሚሰማና የሚሸት» ብዬ ስለ ሐይቅ ዳሩ የዓሣ ገበያችን ስጀምር ግን እስክሪብቶው አልቆም አለ፦

ቢላዋ የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት ሲፍቅ።
ያልደረቀ መረብ።
ጥሬ ዓሣ ላይ የፈሰሰ ዳጣ።
«አምባዛ አልፈልግም አልኩህ እኮ!» የሚሉ ሴትዮ።
ራሰ በራዎቹ ትልልቅ ወፎች አንጀት ሲሻሙ የምንቃራቸው ግጭት።
አባቴ ሐይቅ ዳር ሲደርስ ጫማውን የሚያወልቀው ለምን ነበር?

የመጨረሻው መስመር ድምፅም ሽታም አይደለም። እኔ የምጠብቀው ግን እንዲህ ከርዕሱ ያፈነገጠውን ነው። አሰምርበትና በማግስቱ እሱን መነሻ አድርጌ እጽፋለሁ። አባቴ ደገኛ ነበር፤ ውሃ ይፈራል። ጫማውን አውልቆ፣ ካልሲውን አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ ዳር ላይ ይቆማል እንጂ እግሩን አያስነካም። የካልሲውን ነገር እስክጽፈው ድረስ ረስቼው ነበር።

ሌሎች መነሻዎችን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ባዶ የቡና ጣሳ ውስጥ እጨምራለሁ፤ ማታ እንደ ዕቁብ ዕጣ አንዱን አወጣለሁ። «ዛሬ እጄ ምን ምን ነካ?» «እማዬ በስልክ ያልነገረችኝ ምንድን ነው?» በጣም ያሳቀኝ «አከራዬ እትዬ ስለ እኔ ለእንግዳ ምን ይሉ ይሆን?» የሚለው ነው። በእሳቸው አንደበት ጻፍኩት፦ «ልጁ ጨዋ ነው፤ መብራት ማጥፋት ግን ማን ያስተምረው?» ራስን በሌላ ሰው አፍ ማማት ከኑዛዜ ይቀላል፤ ብዙ ጊዜም የበለጠ እውነት ይወጣዋል።

ከባድ ጥያቄዎችን ጣሳው ውስጥ አላስገባም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኒቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች በተከታታይ 4 ቀን ለ15 ደቂቃ ስለደረሰባቸው አስጨናቂ ነገር ጽፈው ነበር። የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት ወዲያው ከብዷቸዋል፤ በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ጤና ማዕከል መመላለሳቸው ከሌሎቹ ተሳታፊዎች ያነሰ ነበር። የሚከብድ ከሆነ እንግዲህ፣ በዕጣ ደርሶ ሊያስደነግጠኝ አይገባም። ቀን መርጬ፣ ሰዓት ሞልቼ፣ ከመኝታ ሰዓት አርቄ እጽፈዋለሁ።

ጳጉሜን ደግሞ ለብቻዋ ናት። 5 ቀን፣ በ4 ዓመት አንዴ 6፤ ለየቀኑ አንድ ዝርዝር፦ ተውሼ ያልመለስኩት፣ ዘንድሮ የተዋወቅኩት፣ የጀመርኩትና የተውኩት፣ ሰፈር ውስጥ የፈረሰና የተሠራ፣ የነገሮች ዋጋ። የዋጋው ሲጻፍ አሰልቺ ነው። ከአምናው ጎን ሲነበብ ግን ከሁሉም የሚያስገርመው እሱ ነው፤ ቲማቲም ብቻውን ስንት ያናግራል!

መጀመር ለፈለገ ሰው የምሰጠው ርዕስ «ዛሬ ሰው የጠየቀኝ» የሚለውን ነው። «ምሳ በላህ?» ብቻ ቢሆን እንኳ ማን እንደጠየቀ፣ ምን ተብሎ እንደተመለሰለትም ይጻፍ።