ስትሪፕ እስኪመጣ ያወጋነው

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል፣ በስኳርና በደም ግፊት የክትትል ክሊኒክ ነው። ታካሚዎች ሐኪሙ ዘንድ ከመግባታቸው በፊት ክብደታቸውን፣ የደም ግፊታቸውንና የስኳር መጠናቸውን ለክቶ በካርዳቸው ላይ ማስፈር፣ መድኃኒታቸውን በአግባቡ እየወሰዱ መሆናቸውን መጠየቅና ተራ ማስያዝ የእኛ የነርሶቹ ድርሻ ነው። በሩ ሳይከፈት ኮሪደሩ ይሞላል። ሌሊት ተነሥቶ የመጣ አለ፤ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ዘመድ ቤት ያደረ አለ፤ ደም ለመስጠት ሲል ምግብ ሳይቀምስ የመጣና ከተራው ርዝመት የተነሣ መቆም ያቃተው አለ። እንዲህ ባለ ሰዓት ጥያቄያችንም መልሳቸውም አጭር ይሆናል። «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» «እወስዳለሁ።» «ሳያቋርጡ?» «ሳላቋርጥ።» ካርዱ ላይ ምልክት ይደረግና ቀጣዩ ይጠራል።

ይህን የምጽፈው በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ስለገጠመኝ አንድ ጉዳይ ነው። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አንዲት እናት ከወንድማቸው ልጅ ጋር ወደ መለኪያው ክፍል ገቡ። የያዙት ሪፈር መንዝ ውስጥ ከሚገኝ ጤና ጣቢያ የተጻፈ ሲሆን፣ ወረቀቱ በፌስታል ተጠቅልሎ ፌስታሉም በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ ስለነበር ፈትተው እስኪሰጡኝ ጥቂት ጊዜ ወሰደ። ደብረ ብርሃን ሊታከሙ ይችሉ ነበር፤ አዲስ አበባ የመጡት የሚያሳድራቸውና የሚያመላልሳቸው የወንድማቸው ልጅ እዚህ በመሆኑ ነው። በሪፈሩ ላይ የሰፈረው ግልጽ ነበር፦ የታካሚዋ ስኳር በኪኒን ሊስተካከል አልቻለም፣ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ኪኒን መጠኑ ከፍ ተደርጎም ለውጥ አልታየም፣ ስለዚህ ኢንሱሊን እንዲጀመርላቸው ይታይልን የሚል ነው።

መድኃኒታቸውን ይወስዱ እንደሆነ ስጠይቅ የማየው እሳቸውን ነበር፤ መልሱ ግን ከጎናቸው መጣ። «ትወስዳለች፤ እኔ ራሴ እየደወልኩ አስታውሳታለሁ» አለ ወጣቱ። ሕንፃ ሥራ ላይ የሚውል የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሲሚንቶ የደረቀበት ጫማውን እንኳ ሳይቀይር ነበር የመጣው፤ ስልኩ በጠራ ቁጥር ፎርማኑ እንደሆነ ያስታውቅበታል። የዕለት ደመወዙን ትቶ አክስቱን ይዞ የቆመ ልጅ ቢቸኩል አይፈረድበትም። እሳቸውም አንገታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጣታቸውን ወግቶ ስኳራቸውን ለክቶ ወደ ሐኪሙ ማስገባት ብቻ ነበር።

ሆኖም የስኳር መለኪያው ስትሪፕ አልቆ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ሌላ ካርቶን ለማምጣት ወደ ስቶር ሄደች፤ ሪፈሩ ላይ አንድ ማኅተም ስለጎደለ ወጣቱን ወደ ካርድ ክፍል ላክሁት። ሁለታችን ብቻ ቀረን። ዝም ብለን ከምንተያይ ብዬ፣ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉትን ባና እያየሁ የአገራቸው ሥራ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። «ከራሴ በጎች የተሸለተ ነው ልጄ። ፈተሉ የኔ ነው፤ ሸማኔው ደግሞ ጎረቤታችን ነው» አሉና ጫፉን አንሥተው አስነኩኝ። ክሩ የጠበቀና እኩል የተፈተለ ነበር። አሁንም ይፈትሉ እንደሆነ ስጠይቃቸው ከዓምና ወዲህ መተዋቸውን ነገሩኝ፤ ዓይናቸው ብዥ እያለ ክሩን አላሳይ ብሏቸዋል። ከዚያ ወሬው ወደ እርሻው ዞረ፤ ገብሱን ውርጭ እንደመታው፣ በጎቹን የሚጠብቀው የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ስለገባ ከብቱ ሁሉ በእሳቸው ላይ እንደወደቀ አጫወቱኝ። ሜዳውን ለሜዳው በጎች ሲከተሉ መዋል ይከብድዎት እንደሆነ ብላቸው እንዲህ አሉ፦

«መንገዱንስ ለምጄዋለሁ። የጎዳኝ ውኃ ጥሙ ነው። ሌላ ጊዜ እንኳ ሌሊት እየተነሣሁ እጠጣለሁ፤ አሁን በጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጉሮሮዬ እንደ ደረቀ ነው የምውለው።»

«ታዲያ ኪኒኑን በስንት ሰዓት ነው የሚውጡት?»

«ማታ ነዋ፣ ከበላሁ በኋላ። ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅ ጠዋትና ማታ ከምግብ በኋላ፣ በባዶ ሆድሽ እንዳትውጪ ብላ አስጠንቅቃኛለች። ጠዋት ምግብ ከሌለ ኪኒኑን በምን ላይ ልዋጠው?»

ረቡዕና ዓርብስ ብዬ ጠየቅሁ። ረቡዕና ዓርብም እንዲሁ ነው። ሰባቱንም አጽዋማት ሳያጓድሉ የሚጾሙ እናት ስለሆኑ፣ ከዓመቱ ውስጥ በብዙው ቀን የታዘዘላቸውን መድኃኒት ግማሹን ብቻ ይወስዱ ነበር ማለት ነው። የሚያስደንቀው ነገር በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የዋሸ ሰው አለመኖሩ ነው። እሳቸው የተነገራቸውን ቃል በቃል ፈጽመዋል። ወጣቱ በየምሽቱ ደውሎ አስታውሷል፤ ምሽት ላይ ደግሞ በእርግጥ ይውጣሉ። የጤና ጣቢያዋ ባለሙያም ትክክለኛውን ትእዛዝ ሰጥታለች፤ ስኳሩ አልወርድ ሲል መጠኑን ጨምራለች፤ ያም አልሆን ሲል ወደ ሆስፒታል ልካለች። ሁሉም የየድርሻውን ተወጥቶ እያለ፣ ታካሚዋ ጠዋት እህል የማይቀምሱ መሆናቸው ግን በአንዱም ወረቀት ላይ አልሠፈረም።

ጉዳዩ የተሳካና ያልተሳካ ሕክምና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰውነታቸው የሚፈልገው መድኃኒት ስላልደረሰው ከፍ ያለ ስኳር ላይ፣ ኪኒኑ አልሠራም ተብሎ ጠዋት የሚወጋ ኢንሱሊን ቢታዘዝላቸውና እሳቸውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ በጎች ተከትለው ቢውሉ፣ ስኳራቸው ሜዳ ላይ ሊያሽቆለቁል ይችላል። በቶሎ የሚጣፍጥ ነገር የሚያቀምሰው ሰው ካላገኘ በስተቀር የስኳር መውረድ ሰውን ራሱን ያስታል፤ ይገድላልም። በዚያ ገደል ባለበት አገር፣ ብቻቸውን ለሚውሉ ሴት፣ ይህ ከባድ አደጋ ነው።

ሌላም ነገር ነገሩኝ። መርፌውን በጣም ይፈሩት ነበር፤ ሕመሙን አይደለም የፈሩት። በአካባቢያቸው መርፌ ጀምረው ብዙም ሳይቆዩ ያረፉ አንድ ሰው ስለነበሩ፣ መርፌ ማለት ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት ሰው ምልክት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ለምን ለጤና ባለሙያዎቹ እንዳልነገሩ ስጠይቃቸው፣ እንዲህ ያለውን ነገር ዶክተር ፊት ማንሣት ነውር ይመስለኛል አሉኝ። ኢንሱሊን ለብዙ ሰው ዕድሜ የሚያራዝም መድኃኒት እንጂ የመጨረሻ ስንብት አለመሆኑን በቻልኩት መጠን አስረዳኋቸው። ምን ያህል እንዳመኑኝ አላውቅም፤ ግን ጠየቁኝ፣ ተከራከሩኝም፤ ያም አንገትን በአዎንታ ከመነቅነቅ የተሻለ ነው።

ባልደረባዬ ስትሪፑን ይዛ ስትመለስ ወጋችን ገና አላለቀም ነበር። ለክተን ውጤቱን ካሰፈርን በኋላ የሰማሁትን በአጭሩ በካርዳቸው ላይ ጽፌ፣ ሐኪሙ እንዲያነብልኝ ራሴ ይዤ ገባሁ። ሐኪሙ ሪፈሩንና ማስታወሻዬን ጎን ለጎን አይቶ፣ ሌላ ነገር ሳያነሣ ትናንት በስንት ሰዓት ምን እንደበሉ ጠየቃቸው። በዚያን ቀን ኢንሱሊን አልታዘዘም። ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ የስኳር መጠን የሚያሳይ የደም ምርመራ ታዘዘላቸው፤ ኪኒኑንም በሚበሉባቸው ሁለት ሰዓቶች፣ ማለትም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላና ማታ፣ እንዲወስዱት ተስተካከለ። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ጾምን እንደምታቀል አንሥቶ፣ ጠዋት በልተው ቢውጡት ይበልጥ እንደሚመርጥም ነገራቸው። እሳቸው ግን የንስሐ አባቴ ካልፈቀዱልኝ በሐኪም ቃል ብቻ አልፈታውም አሉ፤ ሐኪሙም በዚህ ተስማማ። ከፋሲካ በኋላ በቀጠሯቸው ሲመጡ ስኳራቸው ፈጽሞ ባይስተካከልም በግልጽ ወርዶ ነበር። የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው እንደሆነ ብላቸው፣ «ተቆጡኝ እንጂ! እስከ ዛሬ መታመምሽን ለምን ሸሸግሽኝ ብለው» አሉኝ።

ይህን ገጠመኝ ለባልደረቦቼ በስብሰባ ላይ ሳቀርብ የመጣው ተቃውሞ የምጠብቀው ነበር፤ ተራው እየረዘመ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ወግ የምንይዘው በየትኛው ሰዓት ነው የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኮሪደሩን ሳየው እኔም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ነገር ግን ጊዜ የሚበላው የሰው ወሬ ነው የሚለው ግምት ሲፈተሽ እምብዛም አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ታካሚዎች የመጡበትን ጉዳይ መናገር ከጀመሩ በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ ሐኪሞች ያቋርጧቸው እንደነበር አሳይቷል። በ2002 ደግሞ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል በሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ታካሚዎች ማንም ሳያቋርጣቸው በቃኝ እስኪሉ ድረስ እንዲናገሩ ተደርጎ ሲለካ፣ የፈጀባቸው ጊዜ በአማካይ 92 ሰከንድ ነበር፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ የተናገሩት ከ335ቱ ሰባቱ ብቻ ናቸው። የመንዟ እናት ስለ ባናውና ስለ ገብሱ የነገሩኝ ስትሪፑ ከስቶር መጥቶ እስኪደርስ ድረስ ነው፤ የተሳሳተ መድኃኒት ቢጀመርላቸው ኖሮ ግን ተመላልሰው ስንት ቀን እንደሚፈጅባቸው ማሰብ አያዳግትም።

ከጊዜው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው መሰናክል ነው። ከማናውቀው ሰው ጋር ወሬ ከመጀመራችን በፊት፣ እሱ እንደማይፈልገን አስቀድመን እንወስናለን። ኒኮላስ ኤፕሊና ጁሊያና ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች በቺካጎ ባቡርና አውቶቡስ ተሳፋሪዎች ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ተሳፋሪዎቹ ከማያውቁት ሰው ጋር ቢያወሩ ጉዞው እንደሚከብዳቸው ገምተው ነበር፤ እንዲያወሩ የተደረጉት ግን ዝም ብለው ከተጓዙት ይልቅ ጉዟቸው ደስ የሚል እንደነበር ተናገሩ። በእኛ አገር አውቶቡስ ላይ ቆሎ ሳይቋደሱና አገር ሳይጠያየቁ መጓዝ ብዙ ያልተለመደ ቢሆንም፣ ያው ሰው ነጭ ጋውን ለብሶ ጠረጴዛ ጀርባ ሲቀመጥ ይህ ወጉ ለምን እንደሚጠፋ በጣም ያሳዝነኛል። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ኬት ግሬንጀር በካንሰር ታምማ ሆስፒታል በተኛችበት እ.ኤ.አ. በ2013፣ የሚያክሟት ሰዎች ስማቸውን እንኳ እንደማይነግሯት አስተውላ፣ እያንዳንዱ የጤና ባለሙያ ራሱን በስሙ እንዲያስተዋውቅ ዘመቻ የጀመረችው ይኸው ባዶነት ስለተሰማት ነው። እሷ በ2016 ብታርፍም ልማዱ ብዙ ሆስፒታሎች ውስጥ ተተክሏል። እኛም ክሊኒክ ውስጥ አሁን ስማችንን እንናገራለን።

ከተስማማንባቸው ነገሮች አንዱ፣ የሚለካው ሰው በሚለካበት ሰዓት አስታማሚው ካርድ ክፍል ወይም ገንዘብ ቤት ሄዶ ጉዳይ እንዲያስፈጽም ማድረግ ነው። አስታማሚ የሚመልሰው በፍቅር ነው፤ ሆኖም የታካሚውን አፍ ይዘጋበታል። ሁለተኛው፣ «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» የሚለውን ትተን፣ ትናንትና ከነቁበት ሰዓት እስከሚተኙበት ድረስ ቀኑን እንዴት እንዳሳለፉት እንዲያጫውቱን መጠየቃችን ነው። ከዚህ በኋላ የሰማናቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ለደም ግፊቱ የታዘዘለት ኪኒን ሽንት ስለሚያበዛበትና መንገድ ላይ በየቦታው መቆም ስለማይችል፣ በጉዞ ቀን እንደማይውጠው የነገረን ስለ ገላፊ ሙቀት ስናወራ ነበር። ለሙስሊም ታካሚዎቻችን ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከአጋሩ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ስኳር በሽታና ስለ ረመዳን ያወጣው መመሪያ አለ፤ የሱሁርና የኢፍጣር ሰዓት ጥያቄያችንን ከዚያ ተነሥተን አዘጋጅተናል። ስለ ዐቢይ ጾም ግን ግድግዳችን ላይ ምንም የተጻፈ ነገር ስላልነበረ፣ ሐኪሞቻችን አንድ ገጽ አዘጋጅተው ለጥፈዋል።

ገና ያልፈታነው ቋንቋው ነው። አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገሩ እናቶችና አባቶች ሲመጡ አስታማሚውን ማስወጣት አንችልም፤ የሚያስተረጉምልን እሱ ነውና፣ የእኛ ጥያቄም የእሳቸውም መልስ በእሱ በኩል አጥሮ ይመጣል። ቋንቋውን አቀላጥፋ የምትናገር አንዲት ነርስ አለችን፤ እሷ ተረኛ በሆነችበት ቀን መለኪያው ክፍል ውስጥ የሚሰማው ጨዋታ ሌላ ነው። እሷ በሌለችበት ቀን የሚሸፍን ሁለተኛ ሰው እንዲመደብልን በጽሑፍ ጠይቀናል፤ እስከዚያው እኛም የሰላምታውንና የቀኑን ውሎ መጠየቂያ ቃላት ከእሷ እየተማርን ነው።