ስንቆም የማይወዛወዘውን መረጥኩ

ለቤተሰቤ ልገዛ ያማረጥኳቸው ሁለቱም ጀልባዎች አልሙኒየም ነበሩ፤ የሁለቱም ሆድ ጠለቅ ባለ የቪ ቅርጽ የተሠራ ነው። ለሳምንታት ሳወዳድር የከረምኩት አንድ ቁጥር ነበር፤ የሆዳቸውን ሹልነት። ሆዱ ከመሃል መስመሩ ተነስቶ ወደ ጎን ሲወጣ ከአግድም ስንት ዲግሪ ከፍ ይላል የሚለው ነው፤ የሚለካውም በኋላው ጫፍ ላይ ነው። አንደኛው 24፣ ሌላኛው 20 ነበር። ዲግሪው በጨመረ ቁጥር ጀልባው ማዕበሉን ይሰነጥቀዋል እንጂ ላዩ ላይ አይላተምም።

ልቤ ያለው 24ቱ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ከአሜሪካዋ ማያሚ እስከ ባሃማሷ ናሶ በተደረገው የጀልባ ውድድር ሬይ ሃንት የነደፋት «ሞፒ» የተባለች ጀልባ ያሸነፈችው እንዲህ ባለ ሆድ መሆኑን አንብቤያለሁ። በከባድ ማዕበል የተፈተነ ቅርጽ ለልጆቼም ይሻላል አልኩ። ውድድር ላይ ያለ ጀልባ ግን አይቆምም፤ የቤተሰብ ሽርሽር አብዛኛው የሚያልፈው ቆሞ ነው። ይህን ቀድሜ ላስብበት ይገባ ነበር።

24ቱን መጀመሪያ የሞከርኩት ከሻጩ ጋር ሁለታችን ብቻ ሆነን ነው። ግሩም ሄደ። ቤት ገብቼ ስነግራት ባለቤቴ «እኛ ሳንሳፈር ምኑን ሞከርከው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ነፋስ ያለበትን ከሰዓት ጠብቀን፣ ነዳጁን ሞልተን፣ ስድስታችንም ወጣን። መቶ ሊትር ቤንዚን ብቻውን 75 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን አንድ ትልቅ ሰው እንደ መጨመር ነው።

24ቱ በሩጫው አላሳፈረኝም። ማዕበሉን ፊት ለፊት ሲገጥም ወገብ የሚመታ ነገር የለውም፤ ትንሹ ልጄ እናቱ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ሞተሩን አጥፍተን ስንቆም ግን ሌላ ሆነ። ሁለቱ ትልልቆቹ ልጆች ውሃ ለማየት ወደ አንድ ጎን ሲሄዱ ጀልባው ተከትሏቸው አጋደለ። እናቴ የጎኑን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ጣቶቿ ነጭ እስኪሆኑ ድረስ፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሲሄድ ደህና ነው፤ ሲቆም ነው የሚያስፈራኝ» አለችኝ።

አልተሳሳተችም። ሹል ሆድ ውሃው ላይ የሚያርፍበት ሰፊ መቀመጫ የለውም፤ ሆዱ ከጎኑ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ውሃ እስኪነካ ድረስ ያጋድላል። የጀልባው ወርድ ደግሞ 2.1 ሜትር ብቻ ነበር። የ20ው ወርድ 2.4 ሜትር ሲሆን እነዚህ የሆዱ ጠርዞችም ሰፋ ያሉና ጠፍጣፋ ናቸው። እሱን በተራው ስንሞክር ማዕበል ላይ ትንሽ ይመታል፤ ፍጥነት ስቀንስ ግን ጋብ አለ። ስንቆም ልጆቹ ወደ አንድ ጎን ቢሄዱም ጥቂት ዘመም ብሎ ቀጥ አለ። ማዕበሉን ፍጥነት ቀንሼ ላለሳልሰው እችላለሁ፤ የቆመን ጀልባ መወዛወዝ ግን የማቆምበት መላ የለኝም። ምርጫዬ እዚያው ላይ አለቀ።

ከመፈራረማችን በፊት ጀልባው የተጫነበት ተጎታች ስር በጀርባዬ ተኝቼ የብየዳውን መስመር በባትሪ አየሁት። የሆዱ ላሜራ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብየዳው ሳይቆራረጥ ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል። ይህን ማንም ገዢ ባይዘለው እመክራለሁ፤ ልብስ ይቆሽሻል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

ከገዛሁ በኋላ ግን አንድ ስህተት ሠራሁ። የገመድ ማሰሪያ እንዲሆነኝ ብዬ የነሐስ መንጠቆ በቀጥታ አልሙኒየሙ ላይ አሰርኩ። ወራት ቆይቶ ስፈታው ከስሩ ነጭ ዱቄት ወጣ፤ ዱቄቱን ስጠርገው ላሜራው በጥቃቅን ጉድጓዶች ተበልቷል። ነሐስ ውስጥ ያለው መዳብ እርጥበት ባለበት አልሙኒየምን ይበላዋል። መዳብ ያለበት የጀልባ ቀለምም እንደዚያው ነው። አሁን የማስረው ሁሉ የማይዝግ ብረት ነው፤ እሱም ቢሆን በመሃሉ የፕላስቲክ ንጣፍ ሳይገባ አላጠብቀውም። ከኋላ ያሉትን የመከላከያ አኖዶችም፣ ማለትም በላሜራው ፋንታ እንዲበሉ የሚታሰሩትን የብረት ቁራጮች፣ እስከ ግማሽ ሲበሉ እቀይራቸዋለሁ።

እናቴ አሁን ስንቆም ብረቱን አትይዝም። ጠርዙ ላይ ደገፍ ብላ እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ ትቀመጣለች።