ከፊርማው በፊት የተቆረጠ ጡረታ

የእህቴ ልጅ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ልግባ እያለ ነው። እናቱ ጦርነት ትፈራለች። እኔም እፈራለሁ፤ ሰሞኑን የሚያብሰለስለኝ ግን ጡረታው ነው። «ጋሼ፣ አንተ የምትወስደውን ያህል እኔም አገኛለሁ አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። አታገኝም አልኩት። ምክንያቱን በስልክ መናገር ስለከበደኝ እዚህ እጽፈዋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ ዲቪ ደርሶኝ ቨርጂኒያ ከገባሁ ብዙም ሳልቆይ ፈረምኩ። የሠራሁት ስንቅና ትጥቅ ክፍል ነው። ያኔ የነገሩን ሒሳብ ቀላል ነበር። 20 ዓመት ካገለገልክ ከመሠረታዊ ደመወዝህ ግማሹን ዕድሜ ልክህን ትወስዳለህ። ስሌቱ ለእያንዳንዱ ዓመት 2.5 በመቶ ነው፤ የሚሰላውም ከፍተኛ በተከፈለህ የ36 ወር አማካይ ላይ ነው። 20 ሳይሞላህ ብትወጣ ግን፣ በሕመም ካልሆነ በስተቀር፣ ወርኃዊ ጡረታ የለም። ስለዚህ ሰው ጉልበቱን እያመመውም፣ ልጆቹ ሳያያቸው እያደጉም፣ «ትንሽ ነው የቀረኝ» እያለ ይቆያል። ብዙ ጓደኞቼ እንዲህ ነው የቆዩት። እኔ ያንን ጡረታ የማየው ለኋላ እንደተያዘልኝ ደመወዝ ነው። ሥራውን ሠርቼ ጨርሻለሁ።

2013 ክፉ ዓመት ነበር። ከማርች ጀምሮ መንግሥት ወጪውን በጅምላ ቆረጠ። ወታደር ትምህርት የሚማርበት ድጋፍ ተቋረጠ፤ ያስመለሰው ኮንግረስ ነው። ኦክቶበር ላይ በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ መንግሥት ሲዘጋ ደግሞ የባሰ መጣ። አፍጋኒስታን ለሞተ ወታደር ቤተሰብ የሚሰጠው 100 ሺህ ዶላር ለቀናት ቆመ። የልጃቸውን አስከሬን ሊቀበሉ ዶቨር አየር ኃይል ጣቢያ የሄዱ ወላጆች ገንዘቡ እንደማይከፈላቸው ተነገራቸው። አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው እኔ ልሸፍን ብሎ የቀረበው። ይሄ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከዚያ ዲሴምበር መጣ። የኮንግረስ አባላቱ ፖል ራያንና ፓቲ መሬይ፣ አንዱ ሪፐብሊካን ሌላዋ ዴሞክራት፣ በበጀት ተስማሙ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማም ዲሴምበር 26 ፈረሙበት። ሕጉ ውስጥ ስለ ወታደር ጡረታ አንድ አንቀጽ ነበረች። ዕድሜው ከ62 በታች የሆነ ጡረተኛ በኑሮ ውድነት የሚጨመርለት ገንዘብ በየዓመቱ በ1 በመቶ ነጥብ እንዲያንስ ትላለች። በ10 ዓመት 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይቆጠባል ተባለ። 1 በመቶ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ግን በየዓመቱ ይደራረባል። በ40 ዓመቱ ጡረታ የወጣ አንድ የበታች ሹም 62 እስኪሞላው ድረስ ሲሰላ 80 ሺህ ዶላር ገደማ ያጣል። ቆስለው በሕክምና ጡረታ የወጡት እንኳ አልተተዉም ነበር። እግሩን የሰጠ ሰው ላይ!

ቆስለው የወጡትን በጃንዋሪ ከቅነሳው ነጻ አደረጓቸው። የወታደሮችና የጡረተኞች ማኅበራት ጮኹ፣ ጡረተኛው ለእንደራሴው ደወለ፣ ጻፈ። ፌብሩዋሪ 2014 ላይ ቅነሳው ተሰረዘ፤ በታችኛው ምክር ቤት 326 ለ90፣ በሴኔት 95 ለ3። እኛ ክፍል ውስጥ የነበረውን እፎይታ አልረሳውም።

ግን ስረዛው ሁሉንም አልነካም። ከጃንዋሪ 1, 2014 ጀምሮ ሠራዊቱን የሚቀላቀሉት ቀሩ። ለምን እነሱ? የሚጮህላቸው ስላልነበረ ነው። የነሱ ማኅበር የለም። ብዙዎቹ ገና ደብተር ተሸክመው ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ነበሩ። የእህቴም ልጅ አንዱ ነው።

በ2015 የወጣ ሕግ ያንን ቅነሳ ለነሱም አነሣው፤ ያው ሕግ ግን ከ2018 ጀምሮ ለሚገቡት አዲስ የጡረታ ሥርዓት አመጣ። ለአንድ ዓመት የሚታሰበው ከ2.5 ወደ 2 በመቶ ወረደ። 20 ዓመት ያገለገለ 50 ሳይሆን 40 በመቶ ያገኛል። በምትኩ መንግሥት በወታደሩ የቁጠባ ሒሳብ ላይ ከመሠረታዊ ደመወዙ እስከ 5 በመቶ ይጨምርለታል። እውነቱን ለመናገር ይሄ መልካም ጎን አለው። አብዛኛው ወታደር 20 ሳይሞላው ይወጣል፤ ድሮ ባዶ እጁን ነበር የሚሄደው፣ አሁን ያጠራቀመውን ይዞ ይወጣል። እስከ መጨረሻው ለሚቆየው ግን የደመወዙ 10 በመቶ ሄዷል። ቁጠባው ኢንቨስት ስለሚደረግ የገበያው ውጣ ውረድም በሱ ትከሻ ላይ ነው።

እዚህ ዋሽንግተን የአናኮስቲያን ወንዝ ስሻገር የ1932ቱ ወታደሮች ትዝ ይሉኛል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች ነበሩ። በ1924 የወጣ ሕግ ጉርሻ ሰጥቷቸው ክፍያውን ለ1945 ቀጥሮታል። ሥራ ጠፍቶ ረሃብ ሲገባ «አሁን ክፈሉን» ብለው በሺዎች መጡና ወንዙ ዳር ሰፈሩ። ሴኔቱ እምቢ አለ። ጁላይ 28 ጄኔራል ማካርተር በታንክና በአስለቃሽ ጋዝ በተናቸው፣ ጎጇቸውም ተቃጠለ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ወጪ ለመቀነስ ብለው የዘማቾችን ጥቅማ ጥቅም ቆረጡ። ጉርሻው የተለቀቀው በ1936 ነው፤ ያውም ኮንግረስ የሩዝቬልትን ተቃውሞ ሽሮ።

አባቴም ወታደር ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ጡረታ ሳያይ ቤቱ ገባ። ለወታደር የተገባ ቃል ሲሰማ ፊቱ ይለወጥ ነበር። እኔ ስፈርም «በጽሑፍ ነው?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

ለእህቴ ልጅ አትግባ አላልኩትም። ሥራው ክብር ያለው ነው፣ እኔንም ሰው አድርጎኛል። ከገባህ ግን ከመጀመሪያዋ ደመወዝህ ጀምረህ ለቁጠባ ሒሳቡ 5 በመቶ አስቆርጥ አልኩት። መንግሥት ከሚጨምረው 1 በመቶው ሳታዋጣም ይገባልሃል፤ ሌላው ከሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላ ነው የሚጀምረው፣ እሱም አንተ ካዋጣህ ብቻ። ሐሙስ ከመልማዩ ጋር ቀጠሮ አለው። አብሬው እሄዳለሁ፤ ስለ ጡረታው የሚሰጡትን ወረቀት ቁጭ ብለን አንድ በአንድ እናነበዋለን።