«ቫይረስ በልቶታል» የተባለው ቲሲስ

ጅማ ላይ በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የሠራ ሰው ግንቦትና ሰኔ ምን እንደሚመስሉ ያውቃል። ተመራቂው ሁሉ በአንድ ሰሞን ይጎርፋል፣ ዝናቡ ይበረታል፣ ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ መብራት ይሄዳል። እኔ የምሠራበት ቤት ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ብዙም ስለማይርቅ በዚያ ወቅት ባዶ ወንበር አይገኝበትም።

በእንዲህ ያለ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ገባች። ጎማ ወረዳ ወርዳ፣ ቡና አምራቾችን ቤት ለቤት እየዞረች መጠይቅ አስሞልታ የጻፈችውን ቲሲስ በማግስቱ ጠዋት አስጠርዛ ማስረከብ አለባት። ባልደረባዬ ፍላሹን ተቀብሎ ሰካው። የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፍላሹን የራሱን ስም የያዘ ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል ወይም ፎልደር የሚመራ አቋራጭ ምልክት።

«ቫይረስ በልቶታል፣ እህቴ» አላት። «ሌላ ኮፒ ካለሽ እሱን አምጪ። ይሄን ፎርማት ላድርግልሽ።»

«ሌላ የለኝም» አለች። «ላፕቶፔ ከተበላሸ ቆይቷል።»

ይህን «ፎርማት ላድርግልሽ»፣ ማለትም ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ልጥረገው፣ የሚል ምክር በየቤቱ ሰምቼዋለሁ። የሚሰጠው በቅንነት ነው፤ ግን የብዙ ሰው ድካም በዚህ አንድ ቃል ጠፍቷል። ስለዚህ ማውሱን ተቀብዬ መጀመሪያ ያየሁት ፍላሹ ስንት እንደተያዘበት ነው። ፍላሹ ላይ በቀኝ ተጭኖ ፕሮፐርቲስ የሚለውን መክፈት ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ተይዟል። አንድ ሾርትከት የሚይዘው ጥቂት ኪሎባይት ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ጊጋ የያዘው ምንድን ነው? ባልደረባዬም ቁጥሩን ሲያይ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።

የሾርትከት ቫይረስ እንደ ስሙ አስፈሪነት ፋይል አይበላም። የሚያደርገው ፋይሎቹ ላይ «የተደበቀ» እና «የሲስተም» የሚሉ ሁለት ምልክቶችን መለጠፍ ነው፤ ብዙ ጊዜም ስም የሌለው በሚመስል ፎልደር ውስጥ ያጉራቸዋል። ዊንዶውስ ሁለቱንም ምልክቶች የያዘን ፋይል ለተራ ተጠቃሚ አያሳይም። የተደበቁ ፋይሎችን አሳየኝ ቢሉትም እንኳ የሲስተም ፋይሎችን የሚሸፍነው ሌላው ምርጫ እስካልተነሳ ድረስ አይታዩም። ሾርትከቱን የተጫነ ሰው መጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሳል፣ ቀጥሎ የተደበቀው ፎልደር ይከፈትለታል። ፋይሉ ስለተከፈተለት ጤና ነው ብሎ ያው ፍላሽ ከቤት ቤት ይዞራል።

እኛ ጋ ይህን የሚገላግል መሣሪያ በየማሽኑ አለ፣ ሰዉ ግን ለሌላ ሥራ ነው የሚያውቀው። 7-ዚፕ ይባላል። ኢጎር ፓቭሎቭ የተባለ ሩሲያዊ ባለሙያ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ሥራው ፋይል ማመቅና የታመቀን መፍታት ነው። ነገር ግን የራሱ የፋይል መመልከቻ መስኮት አለው፤ በዚያ መስኮት ሲያዩ የተደበቀውም የሲስተም የተባለውም እኩል ይታያል። ከእሱ ገብቼ ፍላሹን ስከፍት ያ ስም አልባ ፎልደር ተቀምጧል፤ በውስጡ መጠይቁ፣ የገበሬዎቹ ማሳ ፎቶ፣ የኤክሴል ሠንጠረዡ፣ ቲሲሱ። ልጅቷ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

የወርድ፣ የኤክሴል፣ የፒዲኤፍና የፎቶ ፋይሎቹን ብቻ ወደ ማሽናችን ገለበጥን። ምን እንደሆነ ያላወቅነውን አልነካንም። ፍላሹን ፎርማት ያደረግነው ሁሉም ፋይል ተከፍቶ በዓይኗ ካየችው በኋላ ነው። «አትሪብ» የሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝም ምልክቶቹን ያነሳል፤ ከዶስ ዘመን ጀምሮ ያለ አስተማማኝ ነገር ነው። ሥራ ለሚለምድ ልጅ ግን ሰቨን ዚፕን ማሳየት ይሻላል፤ አትሪብ በሚጻፍበት ጥቁር የትእዛዝ መስኮት አንዲት ፊደል ከተሳሳተ ልጁ ተስፋ ይቆርጣል።

እዚህ ላይ ያለቀ መስሎን ነበር። ልጅቷ ቲሲሱን ከፍታ ወደ ታች ስትወርድ ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ አሮጌው ነው» አለች። አማካሪዋ ምዕራፍ ሦስትና አራትን አስተካክዪ ብለዋት ነበር፤ ያስተካከለችው ደግሞ እዚሁ እኛ ቤት ተቀምጣ ነው። ሴቭ አድርጋ ወደ ፍላሽ ሳትገለብጠው መብራት ሄደ፣ መሸ፣ ተመለሰች። የትኛው ማሽን እንደነበር አታስታውስም፤ ፋይሉን ምን ብላ እንደሰየመችውም እንዲሁ።

የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ዲ ድራይቭ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። የመጣው ሁሉ የራሱን ፎልደር ከፍቶ ይሄዳል። የዊንዶውስ የራሱ መፈለጊያ በቅድሚያ የሚመዘግበው የተወሰኑ ቦታዎችን ነው፤ ከዚያ ውጪ ሲፈልግ ፎልደር በፎልደር እየገባ ስለሆነ ያስመሻል። በዚህ ምክንያት በየማሽናችን ላይ ኤቭሪቲንግ የሚባለውን ፕሮግራም ጭነናል። ቮይድቱልስ የሚያወጣው ነፃ ፕሮግራም ነው፣ ክብደቱም ጥቂት ሜጋባይት ነው። ፍጥነቱ የሚመጣው ከአሠራሩ ነው። ዊንዶውስ ሃርድ ዲስኩን ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ሲያዘጋጀው እያንዳንዱ ፋይል የሚሰፍርበት አንድ ዋና መዝገብ አለ። የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠራተኛ መደርደሪያውን ሁሉ ሳይዞር መዝገቡን እንደሚያየው ሁሉ ኤቭሪቲንግም የሚያነበው ያንን መዝገብ ነው። ሠሪዎቹ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ 10 ላይ ያለውን 120,000 ያህል ፋይል በአንድ ሰከንድ ገደማ ይመዘግባል ይላሉ፤ እኛም ማሽን ላይ ፊደል እየጻፍን ዝርዝሩ ሲጠብ እናያለን። ፍላሽ ላይ ግን እንዲህ አይሠራም፤ አብዛኛው ፍላሽ ፋት 32 በሚባለው ሌላ አደረጃጀት የተዘጋጀ ስለሆነ ያ መዝገብ የለውም።

ስሟን ጻፍን፣ የለም። «ቲሲስ» ብለን ስንጽፍ ማለቂያ የሌለው ዝርዝር መጣ። በስሟ ያልተገኘበት ምክንያት ቆይቶ ገባን። ወርድ አዲስ ጽሑፍ መጀመሪያ ሴቭ ሲደረግ የጽሑፉን የመጀመሪያ መስመር ስም አድርጎ ያቀርባል። የማንኛውም ተማሪ ቲሲስ የመጀመሪያ መስመር ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ስም ነው! በየፎልደሩ በዩኒቨርሲቲው ስም የተቀመጠ ፋይል ተደርድሯል፤ የማን እንደሆነ ሳይከፍቱ መለየት አይቻልም።

«ቀኑን ታስታውሻለሽ?» አልኳት።

«ሐሙስ ነው። የገበያ ቀን ስለነበር ባጃጅ አጥቼ በእግሬ ነው የመጣሁት።»

ጥሩ ፍንጭ ነበር። በኤቭሪቲንግ መስኮት ላይ ፋይሉ የተሻሻለበትን ቀን የሚያሳየውን ዓምድ ራስጌ ሲጫኑት ዝርዝሩ በቀን ይደረደራል። የዚያን ሐሙስ ፋይሎች በየማሽኑ አየን። የእሷ የለም። ባልደረባዬ ቀድሞ ነቃ፤ «ያ በቤቱ መስኮት አጠገብ ያለው ማሽንኮ ቀን አይቆጥርም!» አለ።

እውነቱን ነው። ኮምፒውተር ጠፍቶም ሰዓቱን የሚቆጥረው ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ክብ ባትሪ ነው። እሷ ስትሞት መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል፤ ኢንተርኔት ካለ ዊንዶውስ ራሱ ያስተካክለዋል፣ ከሌለ ግን እዚያው ይቀራል። ኢንተርኔት መጥቶም ቀኑ ካልተስተካከለ ድረ ገጾች «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» እያሉ አንከፍት ሲሉ ብዙ ሰው ኔትወርኩን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ የባትሪዋ ነው። ስለዚህ በመስኮቱ ማሽን ላይ ዝርዝሩን ከታች ጀምረን፣ ከአሮጌዎቹ በኩል አየነው። ዓመቱ ከእውነተኛው በጣም የራቀ፣ አንድ ላይ የተሰበሰቡ ጥቂት ፋይሎች አሉ። ከመካከላቸው በዩኒቨርሲቲው ስም የተቀመጠውን ስንከፍት ምዕራፍ አራት ላይ ያሉት የአማካሪዋ አስተያየቶች በሙሉ ተመልሰዋል። የምርት ሠንጠረዡን በጣቷ እየነካች «ይሄ ነው፣ ይሄ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው የተለመደ ሥራ ነው። አባሪው ላይ ያለው የአማርኛ መጠይቅ በእኛ ማሽን የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅ ሆኖ ወጣ፤ የተጻፈው በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ሥርዓት፣ ሳይሆን በድሮ ፎንት ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲኑ ቦታ ላይ በመሆኑ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ጽሑፉ ይፈርሳል። ፎንቱን ጫንንና ሁሉንም ወደ ፒዲኤፍ ቀየርነው፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ የትም ቢታተም ገጹም ፊደሉም አይናጋም። በመሃል መብራት ሄደ። ወርድ ላይ በራሱ የሚያስቀምጥበትን ጊዜ ከተለመደው 10 ደቂቃ ወደ 1 ዝቅ አድርገነው ስለነበር የጠፋባት ሁለት መስመር ብቻ ነው። ጅማ ተቀምጦ ይህን ቁጥር በ10 መተው አልመክርም።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የእሷን ፋይል ስንፈልግ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሰው ሁሉ ነገር በዓይናችን አልፏል፤ የመታወቂያ ስካን፣ የቤት ካርታ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ገና ያልቀረበ የሌላ ተማሪ ጥናት። እሷም አጠገቤ ሆና አይታለች። ፈጣን መፈለጊያ ለባለቤቱ የሚያገኘውን ያህል ለማንም ያገኛል። ሰው ወረቀቱን አሳትሞ ሲሄድ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ፋይሉ ግን እኛ ዘንድ አደራ ሆኖ ቀርቷል፣ አደራ መሆኑንም የነገረን የለም።

ማታ ለሀጂ፣ ለቤቱ ባለቤት፣ ነገርኳቸው። ሀጂ ኮምፒውተር አይነኩም፣ አደራ ግን ያውቃሉ። «የሰው ካርታ እኛ ቤት ምን ይሠራል?» አሉ፤ በማግስቱ ደንብ ወጣ። የደንበኛ ፋይል በዓመት፣ በወር፣ በቀን በተሰየመ ፎልደር ይቀመጣል፤ ዓመቱ ቀድሞ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ በራሱ በቅደም ተከተል ይደረድረዋል። ቲሲስ ከሆነ ስሙ ላይ የባለቤቱ ስም ይጨመራል። ወር ካለፈው ይሰረዛል። መታወቂያና ካርታ ከስካነሩ በቀጥታ ደንበኛው ፍላሽ ላይ ይወርዳል እንጂ ማሽናችን ላይ አያርፍም፤ ምክንያቱም ከሃርድ ዲስክ የተሰረዘ ፋይል ቦታው በሌላ እስኪያዝ ድረስ እንደ ሬኩቫ ባሉ ፕሮግራሞች ሊመለስ ይችላል።

ብዙ የምወደውን አንድ ነገርም ከየማሽኑ አጠፋነው። የዊንዶውስ ቁልፍና ቪ ሲጫኑ እስከ 25 የሚደርሱ ኮፒ የተደረጉ ነገሮች ተዘርዝረው ይመጣሉ፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ላይ ያለ፣ አንድ ጊዜ ማብራት ብቻ የሚፈልግ ነገር ነው። ለብቻው በሚሠራ ሰው ማሽን ላይ ከዚህ የሚበልጥ ጊዜ ቆጣቢ አላውቅም። በጽሕፈት ቤት ግን የቀደመው ደንበኛ ኮፒ ያደረገው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ለሚቀጥለው ይታያል።

ልጅቷ ከዲፌንስ፣ ማለትም ጥናቷን በፈታኞች ፊት ካቀረበች በኋላ፣ ለማስተካከያ ተመልሳ መጣች። በዚህኛው ጊዜ ቲሲሷን ቴሌግራም ላይ፣ ለራሷ በምትልክበት ሴቭድ ሜሴጅስ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋ የሚደርስ ፋይል ስለሚቀበል መጠይቁም ፎቶውም እዚያው አለ። ስትጨርስ ከቴሌግራሙ ወጣች፤ ቀጥላም «ከእናንተ ማሽን ላይ ያለውን እዚሁ እያየሁ አጥፉልኝ» አለች። ሺፍትና ዴሊት ተጭነን አጠፋነው። ኤቭሪቲንግን ራሷ ከፍታ ስሟን ጻፈች፣ ባዶ ዝርዝር ወጣ፣ ሒሳቧን ከፍላ ሄደች።

ወር ካለፈ በኋላ ፋይሉን ፍለጋ የሚመጣና የሚቆጣ ደንበኛ አሁንም አለ። ማስታወቂያውን በአማርኛም በኦሮምኛም በር ላይ ለጥፈናል፤ ሀጂ ደግሞ ሒሳብ ሲቀበሉ በቃል ይነግራሉ።