ለምን ሦስተኛ?

ታኅሣሥ 19 ንጋት ላይ አያቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጣና ዳር ትወርዳለች። ክብራን ገብርኤል ከባሕር ዳር ቅርብ ነው፤ ደሴቱ በዓይን ይታያል። ገዳሙ ግን ሴት አይገባበትም። እሷም ከዚህ ማዶ ቆማ ወደዚያ ትሰግዳለች። ዘንድሮ አብሬያት ሄድኩ። ብርድ ነበር። የደንገል ታንኳ ጭነው የሚቀዝፉ ሰዎች በጉሙ ውስጥ ያልፋሉ።

ከቅዳሴ በኋላ ቤት ገብተን ቡና ቀረበ፣ ቆሎ ተቆላ። እንደ ልማዷ የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ ጀመረች። አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል። ናቡከደነፆር እቶኑን ሰባት እጥፍ ሲያስነድደው። ከዚያ ሳታቋርጥ ወደ ብልጣሶር ግብዣ ታልፋለች፤ ከኢየሩሳሌም በተዘረፈ ንዋየ ቅድሳት ወይን ሲጠጡ፣ ግድግዳው ላይ የምትጽፈው እጅ ስትታይ።

ልጅ ሆኜ እዚህ ጋ አቋርጫት አውቃለሁ። ብልጣሶር ጽሑፉን ለሚያነብለት ሰው ሐምራዊ ልብስ፣ የወርቅ ሐብል፣ ደግሞም በመንግሥቱ ሦስተኛ ሹመት ቃል ይገባል። ለምን ሦስተኛ? ፈርዖን ዮሴፍን ከራሱ ቀጥሎ ሁለተኛ አድርጎት የለም እንዴ?

«እሱን ባቢሎን ሄደሽ ጠይቂ» አለችኝ።

መልሱን ያገኘሁት ካደግኩ በኋላ ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. በከለዳውያን ዑር ፍርስራሽ ውስጥ የሸክላ ጽሑፎች ተገኙ። ናቦኒደስ የሚባል ንጉሥ ለበኩር ልጁ ለብልጣሶር የጸለየበት ጸሎት ተቀርጾባቸዋል። ስለዚህ ብልጣሶር ሲገዛ አባቱ በሕይወት ነበር። ንጉሡ አንደኛ፣ ልጁ ሁለተኛ። ሊሰጠው የሚችለው ትልቁ ሹመት ሦስተኛው ነው! ብዙ ሊቃውንት እንዲህ ይፈቱታል። እኔም ይህን ባነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ታዲያ አባትየው የት ነበር? ነገሩ ከሥሩ ይጀምራል። ባቢሎን ላይ የከለዳውያኑን መንግሥት የመሠረተው ናቦፖላሳር ነው፤ ራሱን «የማንም ልጅ ያልሆነ» ብሎ ያስጻፈ ሰው። ነነዌን ከሜዶን ጋር ሆኖ በ612 ከክርስቶስ ልደት በፊት ጣላት። ልጁ ናቡከደነፆር 43 ዓመት ገዛ፤ ስሙን ያተመባቸው ጡቦች ዛሬም ይገኛሉ። ከእሱ በኋላ ግን ነገር ተበላሸ። ልጁ በነገሠ በሁለት ዓመት ተገደለ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ንጉሥ ተቀያየረ። በ556 ዙፋኑ ለናቦኒደስ ደረሰ።

ናቦኒደስ ከባቢሎኑ አምላክ ከማርዱክ ይልቅ ሲን የሚባለውን የጨረቃ አምላክ ይወድ ነበር። ከተማዋን ለልጁ ትቶ ዐረብ ምድር ውስጥ ቴማ ለአሥር ዓመት ያህል ተቀመጠ። ንጉሥ ስለሌለ የባቢሎን የአዲስ ዓመት በዓል ቀረ። እኛ ያለ እንቁጣጣሽ አሥር ዓመት ብንከርም ምን እንሆን ነበር? ካህናቱ ቢቀየሙት አልፈርድባቸውም። በ539 የቂሮስ ጦር ከተማዋን ያለ ውጊያ ገባባት።

ለአያቴ ያነበብኩላት ግን ይህን አይደለም። የናቦኒደስን እናት የአዳድ ጉፒን ጽሑፍ ነው። አብርሃም በተቀመጠባት በካራን ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ተገኝቷል። ከመቶ ዓመት በላይ ኖራለች። ዓይኔ ያያል፣ ጆሮዬ ይሰማል፣ እጅና እግሬ ጤና ነው፣ እህልና ውኃው ይስማማኛል፣ ልጅ ልጆቼን እስከ አራተኛ ትውልድ አየሁ ትላለች። አያቴ ጀበናዋን አስቀምጣ አዳመጠች። ሌላው ያልኳት ሁሉ በጆሮዋ ሲያልፍ ይህ ብቻ ገባት።

«ስትሞት ልጇ ነበር?»

«ቴማ ነበር። ብልጣሶርና ሠራዊቱ ናቸው ሦስት ቀን ያለቀሱላት።»

«ያ በንዋየ ቅድሳት የጠጣው?»

«እሱው።»

ጥቂት ዝም አለች። «ለካ እሱም አያት ነበረችው» አለችና ቶናውን ቀዳችልኝ።