የአርፋጆች ደብተር

በ1999 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ በምትገኝ አነስተኛ የወረዳ ከተማ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ካውንስል ሰብሳቢ ሆኜ ተመረጥሁ። አመራረጡ ቀላል ነበር፤ የየክፍሉ አለቆች ተሰብስበን ሦስታችን ተጠቆምንና እጅ በማውጣት ድምፅ ተሰጠ። ካውንስሉ የሚኒ ሚዲያውን ዝግጅት ያስተባብራል፣ ክበባትን ይከታተላል፣ በሰልፍ ሰዓት ሥርዓት ያስከብራል። ከሁሉ የከበደኝ ኃላፊነት ግን በየጠዋቱ የተማሪዎችን ሥርዓት ከሚከታተሉት ከዩኒት ሊደሩ ጋር በር ላይ ቆሜ የአርፋጆችን ስም መመዝገብ ነበር። ሰውን ስለ መምራት የማውቀውን አብዛኛውን ነገር የተማርሁት ከዚያ በርና ከዚያ ደብተር ነው።

ደንቡ ግልጽ ነበር። ባንዲራ ተሰቅሎ ሰልፉ ሲበተን፣ 2 ሰዓት ከ15 ላይ፣ በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ተማሪ ስሙ ተጽፎ እስከ ዕረፍት ሰዓት ውጭ ይቆያል፤ ሦስት ጊዜ የተጻፈ ደግሞ ወላጅ ያመጣል። በዚያን ጊዜ ሒሳብንና ሳይንስን የመሳሰሉትን ትምህርቶች የምንከታተለው በፕላዝማ፣ ማለትም በክፍሉ በተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ ስለነበር ማርፈድ ብዙ ያሳጣ ነበር። ስርጭቱ በሳተላይት የሚመጣ በመሆኑ ያመለጠ ትምህርት ተመልሶ አይገኝም፤ መምህሩም በሚተርፉት ጥቂት ደቂቃዎች ሁሉንም ሊያካክስ አይችልም። ስለዚህ ደንቡን ያለ አድልዎ ማስከበር ተማሪውን መጥቀም እንደሆነ ከልቤ አምን ነበር። የቅርብ ጓደኛዬን እንኳ ከመመዝገብ ወደኋላ አላልሁም።

ኅዳር ውስጥ በአንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በሩ ከተዘጋ ከ5 ደቂቃ በኋላ ደረሰች። በጀርባዋ በገመድ የታሰረ ማዳበሪያ አዝላለች፤ የነጠላዋ ጠርዝ በጤዛ ርሷል፤ በኮንጎ ጫማ ያሉት እግሮቿ እስከ ቁርጭምጭሚት አፈር ለብሰዋል። «ወንድሜ፣ ፈተና አለብን፤ እባክህ አስገባኝ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው የተነሣሁት» አለችኝ። ስሟን ጽፌ ደንቡን ነገርኋት። አልተከራከረችም፤ ማዳበሪያዋን አወረደችና ግንቡን ተደግፋ ደብተሯን ማንበብ ጀመረች። ያመለጣት የሒሳብ ፈተና ከ15 የሚታረም እንደነበር የሰማሁት በማግሥቱ ነው። ያን ቀን ያደረግሁት ነገር ዛሬም ይቆጨኛል።

ሁላችንም አባባ የምንላቸው ዘበኛ በሩን ቀርቅረው ሲመለሱ፣ «ልጄ፣ ሰኞ ሰኞ ውጭ የሚቀሩት እነዚሁ ባለ ስንቆቹ መሆናቸውን ልብ ብለሃል?» አሉኝ።

ልብ አላልሁም ነበር። በዙሪያችን ባሉት የገጠር ቀበሌዎች ትምህርት የሚያልቀው 8ኛ ክፍል ላይ ስለነበር ከዚያ በላይ የሚማር ልጅ ከተማ መጥቶ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ቤት ይከራያል፤ ዓርብ ከሰዓት ወደ ወላጆቹ ሄዶ ሥራ ሲያግዝ ሰንብቶ የሳምንት ስንቁን፣ በሶውን፣ ሽሮውን፣ ድርቆሹን ተሸክሞ ይመለሳል። መንገዱ የራቀበት ሰኞ ገና ሳይነጋ ይነሣል። ይህን ማንም የከተማችን ሰው ያውቀዋል፤ እኔም አውቀው ነበር፤ በየሳምንቱ በገዛ እጄ ከምጽፈው ስም ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ ጨመርሁ፤ ከየት እንደመጡና በስንት ሰዓት እንደተነሡ። በ4 ሰኞዎች ከመዘገብኋቸው 96 ስሞች 71ዱ ከገጠር የሚመላለሱ ተማሪዎች ስሞች ሆኑ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ባሉት ገጾች ደግሞ እነዚያው ልጆች የሉም ማለት ይቻላል። ነገሩ ስንፍና ቢሆን ኖሮ ሐሙስም ባረፈዱ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ስሕተት ሠራሁ። ያገኘሁትን ለማንም ሳላማክር በዕረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ አነበብሁት። ተማሪው አጨበጨበ፤ አስተዳደሩ ግን እንደ ቅስቀሳ ቆጠረብኝና ለሁለት ሳምንታት የሚያነጋግረኝ አጣሁ። ጭብጨባው ለእኔ ነበር፤ ባለ ስንቆቹ በሚቀጥለውም ሰኞ ውጭ ቀሩ። ዩኒት ሊደሩን ይቅርታ ጠይቄ ደብተሩን ብቻ ሰጠኋቸው። ገጹን እያገላበጡ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው ካነበቡ በኋላ «ይህን ነበር መጀመሪያ ለእኔ ማምጣት የነበረብህ» አሉኝና ራሳቸው ወደ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ይዘውኝ ገቡ።

የተስማማንበት ነገር ከጠየቅሁት ያነሰ ነበር። ሰኞ የሚያረፍድ የገጠር ተማሪ ስንቁን ዘበኛው ክፍል አስቀምጦ በቤተ መጻሕፍት ይቆይና በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ይገባል፤ ሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ፈተና አይሰጥም። የከተማ ልጆች «ለእነርሱ የተፈቀደ ለእኛ ለምን ተከለከለ?» ብለው ስላጉረመረሙ በየክፍሉ እየዞርሁ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ከ80 በላይ ተማሪ ፊት ቆሞ የማይወደድ ነገር ተረጋግቶ መናገርን የለመድሁት ያኔ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ከክፍሌ ከ2ኛ ወደ 9ኛ ደረጃ ወረድሁ፤ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የክበባቱን ክትትል ለምክትሌ አስረክቤ ወደ ጥናቴ ተመለስሁ። ቀደም ብዬ ማድረግ ነበረብኝ፤ ምክትሌ ሥራውን ከእኔ በተሻለ ሁኔታ ነበር የሠራችው።

የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ካለፍሁ በኋላ መሰናዶ ለመማር ደሴ ገባሁ፤ በተራዬ ቤት ተከራይቼ ስንቅ ተሸካሚ ሆንሁ። በዓመቱ አጋማሽ በእኔ ቦታ የተተካው ሰብሳቢ ፈልጎ አገኘኝ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ተቀይረዋል፤ አዲሱ ኃላፊ ፈቃዱ የተሰጠበትን ወረቀት ጠይቀዋል። ወረቀት አልነበረም። በቃል የተነገረንን ይዘን በደስታ ከቢሮው ስንወጣ ይጻፍልን ማለት ለእኔም ሆነ ለሌላው አልታሰበንም ነበር። በዚያች ሌሊት የነበረውን ሁሉ በሦስት ገጽ ጽፌ ፈረምሁ፤ ሣጥኔ ውስጥ የነበረውን ደብተርም ጨምሬ ሰጠሁት። ጉዳዩ ለወላጅ መምህር ኅብረት ቀርቦ በቃለ ጉባኤ ጸደቀ፤ ልጁ ቅጂውን በፖስታ ሲልክልኝ የሰኞዋ አንቀጽ በሦስተኛው ተራ ላይ ነበረች።