ከድሬ ሳልርቅ ሀረማያን የመረጥኩበት ምክንያትና ፍሬሽማንን እንዴት እንደያዝኩት

ድሬ ላይ 12ኛን የጨረሰ ልጅ ወሬው ሁሉ መራቅ ነው። ባህር ዳር፣ ሀዋሳ፣ አዲስ አበባ፣ ብቻ ከድሬ ይውጣ እንጂ የትም ይሁን ይላል። ቤተሰብ ደግሞ በተለይ ሴት ልጅ ከሆንሽ ድሬ ዩኒቨርሲቲ ግቢና ከቤት ተመላለሺ ይልሻል። እኔ አንደኛ ምርጫዬን ሀረማያ አድርጌ ሞላሁ፣ ደረሰኝ፣ አሁን የፈለኩት ዲፓርትመንት ውስጥ ነኝ አልሀምዱሊላህ። ዘንድሮ የምትሞሉ ልጆች በየቀኑ ስለምትጠይቁኝ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከሁሉም በፊት ይሄን ያዙልኝ። ትምህርት ሚኒስቴር የሚመድባችሁ ግቢ ነው፣ ዲፓርትመንት አይመድባችሁም። ፍሬሽማን የሚባለው የመጀመሪያ አመት ፕሮግራም በ2012 ከተጀመረ ወዲህ ሁላችንም ናቹራልና ሶሻል ተብለን የጋራ ኮርሶች እንማራለን፣ ከዛ ግቢው ራሱ ባሉት ዲፓርትመንቶች በውጤታችን ይደለድለናል። ስለዚህ የግቢ ስም ስትሞሉ እየመረጣችሁ ያላችሁት እዛ ግቢ ውስጥ ያለውን የዲፓርትመንት ዝርዝር ነው። የምትፈልጉት ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ 4 ነጥብ ብትደፍኑም አታገኙትም። ይሄን ሳያውቁ ጓደኛ የሞላውን ብቻ አይተው የሚሞሉ ልጆች አሉ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

እኔ የምፈልገው ቬተርናሪ፣ የእንስሳት ህክምና ነበር። አጎቴ ባቢሌ የግመል ገበያ ላይ ነው እድሜውን የጨረሰው፣ ክረምት ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እሱ ጋር እሄድ ነበር። ግመል ሲገዛ መጀመሪያ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል እድሜዋን ለማወቅ፣ ከዛ ሻኛዋን በእጁ ይዳስሳል፣ ሻኛው ሟሽሾ ከሆነ ዝም ብሎ ይመለሳል። ሱራ የሚባል በሽታ አለ፣ ነካሽ ዝንቦች ከአንዱ ግመል ወደ ሌላው የሚያስተላልፉት፣ ትኩሳቱ እየሄደ እየመጣ ደሟን ያሳንሳታል፣ ትከሳለች፣ እርጉዝ ከሆነች ታስወርዳለች። አንድ ቤተሰብ ሀብቱ በሙሉ እነዚህ እንስሳት ላይ ሆኖ ሀኪም ሩቅ ሲሆንበት አይቼ ነው ያደኩት። ቬት እማራለሁ ስል ጎረቤታችን "አቦ አንቺ ልጅ፣ የሰው ሀኪም መሆን እየቻልሽ የግመል ሀኪም?" አሉኝ፣ ክፉ አስበው አይደለም ያሉት፣ ግን እኔ ልቤ እዛው ነው።

ሀረማያ ደግሞ ሲጀመር የእርሻ ኮሌጅ ነበር፣ በ1950ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ የተቋቋመ፣ ዩኒቨርሲቲ የሆነውም በፈረንጆቹ 1985 ነው። የእንስሳት እርባታው ግቢው ውስጥ ነው፣ የቬተርናሪ ኮሌጅም አለው። ከኔ ምኞት ጋር የሚሄድ ግቢ 40 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ እያለ ለምንድነው አገር የማቋርጠው? ብሩንም አሰቡት፣ ጋምቤላ ወይ መቀሌ ብመደብ በአመት ለትራንስፖርት ብቻ የሚወጣውን።

ከመሙላቴ በፊት ሁለተኛ አመት የሆኑ ልጆችን ፈልጌ ጠየኩ። ሁለተኛ አመት የምለው የተመረቀ ሰው የሚነግራችሁ የሱን ጊዜ አሰራር ስለሆነ ነው፣ ድልደላው ላይ ግን ከአመት አመት የሚቀየር ነገር አለ። የጠየኳቸው ዲፓርትመንቱ ባለፈው አመት ስንት ልጅ ተቀበለ፣ የመጨረሻው የገባው ልጅ ጂፒኤው ስንት ነበር፣ ከፍሬሽማን ውጤትና ከኢንትራንስ የትኛው ይበልጥ ይታያል የሚለውን ነው። ግቢው ደስ ይላል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም አዎ ነው የሚላችሁ ምንም አትጠቀሙበትም።

ቅርብ መምረጥ አንድ አደጋ አለው፣ ቤት ይጎትታችኋል። አርብ ከሰአት ሚኒባስ ይዤ ድሬ ብወርድ ቅዳሜ ለቤተሰብ እሁድ ለሰርግና ለዘመድ ያልቅና ሰኞ ጠዋት ምንም ሳላነብ ክላስ እገባለሁ። ስለዚህ ገና ሳልገባ ከእማዬ ጋር ተነጋገርን፣ ቤት የምመጣው ሚድ ሲያልቅና ፋይናል ሲያልቅ ብቻ ነው ተባባልን። እማዬ አለቀሰች ግን ቃሏን ጠበቀች፣ ስናፍቃት በሰው እጅ በሶና ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ትልክልኛለች፣ ሙሸበኩ ገና ዶርም ሳይደርስ ነው የሚያልቀው። ከቤት የሚመላለሱ ልጆች ደግሞ የሚያመልጣቸው ማታው ነው። ግቢ ውስጥ ትምህርት የሚገባው ማታ ከእራት በኋላ ሰብሰብ ተብሎ ሲጠና ነው።

ስትገቡ ጥሪው ላይ የሚጻፈውን ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ ጉርድ ፎቶና የትምህርት ማስረጃ ኦሪጅናልና ኮፒ ያዙ። የድሬ ልጆች ብርድ ልብሱን በተለይ አደራ! የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ እንደጨረሳችሁ አየሩ ሌላ አገር ነው።

ስለ ደንገጎ ካነሳሁ አይቀር፣ ጂኦግራፊ ኮርስ ላይ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል የሚል አለ። ድሬ ወደ 1200 ሜትር ናት፣ ሀረማያ ወደ 2000፣ ስለዚህ 800 ሜትር ወጣን ማለት ነው፣ በሂሳቡ 5 ዲግሪ አካባቢ ነው ልዩነቱ። ስምጥ ሸለቆውና የሀረርጌ ደጋ የሚለያዩበትን ዳገት በመኪና እየወጣሁት ነው ያደኩት ማለት ነው፣ ይሄን ሳውቅ ሞጁሉን በአንድ ማታ ነው የጨረስኩት፣ ፋይናል ላይም ከዛ መጣ። ኮርሱን ከምታውቁት ቦታ ጋር ካገናኛችሁት መቸከል አያስፈልጋችሁም።

ሎጂክ ላይ ነው ብዙ ልጅ የሚፈራው። እንግሊዝኛው ከበድ ይላል፣ የፋላሲዎቹ፣ የተሳሳቱ የክርክር አይነቶች ማለት ነው፣ ስም ደግሞ ይደራረባል። እኛ ዶርም ውስጥ የጎጃም፣ የወላይታ፣ የጅማና የድሬ ልጆች ነን፣ ማታ ማታ የራሳችንን ወሬ እየያዝን ፋላሲውን እንፈልግ ነበር። አንዷ "ሲኒየሯ ሎጂክ አይቻልም ስላለች አይቻልም" አለች፣ ቆይ ሲኒየሯ የምን ባለሙያ ናት ብለን አፒል ቱ አንኳሊፋይድ ኦቶሪቲ አልነው። ሌላዋ ሽሮ በበላሁ ቀን ኩዊዝ ይቀናኛል አለች፣ ፎልስ ኮዝ። ከሁለት ልጆች ጋር ተጣልታ የዛ አገር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው ያለችም ነበረች፣ እሱ ሄስቲ ጀነራላይዜሽን ነው፣ እሷ ላይ ግን ሎጂኩን ትተን ቁጭ ብለን በደንብ ተነጋገርንበት፣ አሁን ከሁላችንም በላይ ተግባቢ እሷ ናት ወላሂ። ፈተና ላይ ምሳሌው ሲመጣ እያንዳንዱን በዶርም ልጅ ስም ነበር የማስታውሰው።

ክሬዲት ሳታዩ አታጥኑ። ማትስም ሳይኮሎጂም ሎጂክም ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽም ሁሉም 3 3 ክሬዲት ናቸው፣ ስለዚህ ሳይኮሎጂ ላይ ያለ ኤ ማትስ ላይ ካለው ኤ ጋር እኩል ነው የሚመዝነው። ናቹራል ልጆች ማትስና ፊዚክስ ላይ ሞተው ሳይኮሎጂን ለፈተና ዋዜማ ይተዉታል፣ ከዛ ቢ ይሆንና ጂፒኤው ይወርዳል። እኔ ኩዊዝና አሳይመንት ላይ ጨክኜ ነው የሰራሁት፣ ፋይናል ሳይደርስ ግማሹ ማርክ በእጄ እንዲገባ፣ ሚድ ላይ ያነሰብኝን ማርክ ደግሞ ወረቀቱ ሲመለስ መምህሩ ጋር ሄጄ የት ጋር እንደተቀነሰብኝ እጠይቃለሁ፣ ምንም አያፍሩ ልጆች መምህራኑ ለሚጠይቅ ተማሪ ደስ ብሏቸው ነው የሚያስረዱት። ፈርስት ሰሜስተር ላይ የወደቀ ጂፒኤ ሰከንድ ሰሜስተር ላይ ማንሳት ይቻላል ግን ድልደላው ስለሚደርስ ጊዜው አጭር ነው።

ሲኒየር ያስፈልጋችኋል። ጀመዓውም ግቢ ጉባኤውም ፌሎውም ለፍሬሽ ልጆች ቱቶሪያል ይሰጣሉ፣ ያለፉ አመታት ፈተናና ሃንዳውትም ያላቸው እነሱ ናቸው፣ በየእምነታችሁ ሂዱ። የጫት ገበያዋ አወዳይ ቅርብ ስለሆነች ደግሞ ያለ ጫት ጥናት የለም የሚላችሁ ይኖራል፣ አትስሙት። እኔ አንድም ቀን ሳልቅም ነው ያለፍኩት፣ ዶርማችን ውስጥ ያሉትም እንደዛው፣ እንቅልፍ ያልተኛ ጭንቅላት ፈተና ክፍል ውስጥ ምንም አይሰራም።

ሌላ የጠቀመኝ ነገር ገና ፍሬሽ ሆኜ ቬት ኮሌጁን ሄጄ ማየቴ ነው። አንድ አራተኛ አመት የሆነች እህት ይዛኝ ሄደች፣ ከብት ሲታከም ቆሜ አየሁ፣ የደም ናሙና ከአንገት ሲወሰድ፣ ላሟን እንዴት አረጋግተው እንደሚይዟት። ሽታውንም ጭቃውንም አየሁት፣ ከዛ በኋላ ጎረቤት ምንም ቢለኝ አልተነቃነኩም። ዲፓርትመንት ፎርም የምትሞሉት በስሙ ብቻ እንዳይሆን፣ ነርሲንግ ከሆነ ነርሶቹን፣ ሲቪል ከሆነ ሳይት ያዩትን፣ ህግ ከሆነ ሶስተኛ አመቶቹን ሄዳችሁ አውሯቸው።

ድልደላው ሲወጣ ቬተርናሪን በአንደኛ ምርጫዬ አገኘሁ። አጎቴ ሲሰማ የባቢሌን ገበያ በሙሉ ነገራቸው መሰለኝ፣ አሁን እየደወሉ መድሀኒት የሚጠይቁኝ አሉ፣ ገና ነኝ ቆዩ እላቸዋለሁ።

ወንድሜ ዘንድሮ ነው የሚሞላው። እሱ ኮምፒውተር ነው የሚወደው እንስሳ አጠገቡም አይደርስም፣ ስለዚህ እህቴ ያለችበት ብሎ ሀረማያን አንደኛ እንዳያደርግ ነግሬዋለሁ። አሁን ከድሬ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሁለተኛ አመት ልጆች ጋር አገናኝቼው እነዛኑ ጥያቄዎች እየጠየቀ ነው፣ የሌሎች ግቢዎችም ሲሰበሰብ ሳቢያን ቤት ቁጭ ብለን ተራውን አብረን እናወጣለን።